ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም

ሥራ የገባሁት ሰኞ ጠዋት ነው። ሱቁ ኦክላንድ ውስጥ፣ ከቻይና ታውን ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ነበር፤ ከውጭ ላየው ሰው ከስሮ የተዘጋ ይመስላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሃይስኩል ከጨረስኩ ዓመት ሆኖኝ በዚያ ዓመት ውስጥ ሦስት ሥራ ለቅቄአለሁ። ከአንዱ እንኳ ተባርሬ ነው፤ እሱንም እንደለቀቅኩ ቁጠሩት። ማስታወቂያው ዕቃ የሚያሽግ፣ እጁ የማይቸኩል ሰው ይፈልጋል ይላል። የኔ እጅ ይቸኩላል። እጄን የሚፈትን ሰው ይኖራል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ባለቤቱ ሚስተር ኩዋን ይባላል። ከሆንግ ኮንግ የመጣ፣ ስድሳን ያለፈ ቀጭን ሰው ነው፤ ሸሚዙን በበጋም እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ገና ስሜን ሳይጠይቀኝ ከመደርደሪያው ላይ አንበሳ የተቀረጸበት፣ አውራ ጣት የሚያህል የድንጋይ ማኅተም አነሳ። ሊሰጠኝ መስሎኝ እናቴ እንዳሳደገችኝ ጎንበስ ብዬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። እሱ እጁን ወደ ኋላ ሰበሰበ። ማኅተሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ እጁን አነሳ፣ ከዚያ በአገጩ ውሰጂ አለኝ።

ደሜ ፈላ። "እጄ ቆሻሻ ነው?" አልኩት።

"ገና አላየሁትም" አለኝ።

ሦስት ቀን ሙሉ በቂም አሸግኩ። ለደንበኛ ሲሆን አስቀምጦ፣ ለኔም ሲሆን አስቀምጦ፣ ለፖስተኛው ሲሆን ግን ደብዳቤውን በእጁ ይሰጠዋል። ይሄ ሰውዬ በቆዳዬ ነው እንዴ እያልኩ እቆጥር ጀመር። በአራተኛው ቀን ከጓሮ ክፍል የሚሠራውን ሊንን ጠየቅኩት። ሊን ጠጋኝ ነው፤ የተሰበረ ይገጥማል፣ ለዕቃዎቹ የእንጨት መቀመጫ ይቀርጻል። የሁለታችንም እንግሊዝኛ ስለሚያነክስ ከሁሉ ሰው ይልቅ ከሱ ጋር እንግባባ ነበር።

ሊን ሳቀ። በዚህ ሥራ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ አይሰጥም አለኝ። ያመጣው ያስቀምጣል፣ እጁን ያነሳል፣ ከዚያ ተቀባዩ ያነሳል። በመሃል ቢወድቅ የማን ጥፋት ነው? አንዱ ይዘሽ ነበር ይላል፣ ሌላው አልያዝኩም ይላል። ጠረጴዛው ግን አይዋሽም። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው አለኝ። እናቴ ብትመጣስ ብለው ለእናትሽም ያው ነው አለኝ።

የምንሸጠው የድሮ ቻይና የተማረ ሰው ጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ነው። ከቀርከሃ ግንድ ተቆርጦ ዙሪያው የተቀረጸ የብሩሽ ማስቀመጫ አለ። ሲጽፉ ክንድ ቀለሙን እንዳይነካ አንጓ የሚያርፍበት ግማሽ ቀርከሃ አለ። ቀለም የሚፈጭበት ድንጋይ፣ ውሃ በጠብታ የሚያወርድ፣ ጄድ ከሚሉት አረንጓዴ ድንጋይ የተሠራ እንቁራሪት፣ እርጥብ ብሩሽ የሚጋደምበት አምስት ጫፍ ያለው ተራራ፣ ወረቀት የሚጫን አንበሳ አለ። መጀመሪያ ሳየው ይሄ ሁሉ አንድ ደብዳቤ ለመጻፍ ነው ወይ አልኩ። እኛ ቤት አንድ እስክሪብቶ ለአራት ሰው ነው፤ እሱም ሲፈለግ አይገኝም።

ቅርጹን ስታዩት ግን ትቆማላችሁ። በመዳፍ በምትይዙት ቀርከሃ ላይ ጥድ አለ፣ ከጥዱ ሥር ሁለት ሽማግሌ ቁጭ ብለዋል፣ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ጅረት ይወርዳል። ቁጭ ብዬ መሥራት የማልወድ ሴት ነኝ፤ እዚያ ሱቅ ውስጥ ግን ሉፕ የምንለውን የዓይን ማጉያ ይዤ ሰዓት ሲያልፍ አላውቅም ነበር።

ማታ ስንወጣ ሁላችንም ቦርሳችንን ጠረጴዛው ላይ ከፍተን እናሳያለን። ሚስተር ኩዋንም የራሱን ይከፍትልናል። እኔ ያንን ለይምሰል ነው እያልኩ እጠረጥረው ነበር። አንድ ቀን ከማሸጊያ ሣጥኔ ውስጥ ከገለባው ሥር የጄድ እንቁራሪቷን አገኘኋት። ማን እንደደበቃት ገባኝ። አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወረቀት ጻፍኩላት፦ "አንዲት እንቁራሪት፣ ጉዳት የላትም፣ ባለቤቷ ሆን ብሎ ረስቷታል።" ሚስተር ኩዋን አነበበው፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። በወሩ ከማሸግ ወደ ጽዳት አሳደገኝ።

የሥራው ደረጃ እንዲህ ነበር፤ አሻጊ፣ ከዚያ ጽዳት፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ ተቀባይ። ከዚያ በላይ ካታሎግ መጻፍ አለ፤ እሱን ሚስተር ኩዋን ለማንም አይሰጥም።

ጽዳት ላይ ያለ ሰው አፍንጫው ይሠለጥናል። አስመሳዮቹ አዲስ ቀርከሃ በሻይ ይቀቅላሉ፣ በጭስ ያጠቁራሉ፣ የጫማ ቀለም ይቀባሉ። ያረጀ ቅርጽ ውስጥ ያለ አቧራ ጠንክሮ ከእንጨቱ ጋር አንድ ሆኗል፤ የተሠራ አቧራ በጥጥ ሲነኩት ይነሳል። የዝሆን ጥርስ ነው ብለው ያመጡትን በሉፕ ስታዩት ጎኑ ላይ ፕላስቲክ ከቅርጹ የወጣበት ስፌት ይኖራል። በኋላ ካሊፎርኒያ የዝሆን ጥርስ መሸጥ ስትከለክል ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ፤ እውነተኛውን ይዘው መጥተው ፕላስቲክ ነው ብለው ይምሉ ጀመር።

አንድ ጊዜ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ሦስት መቶ ዓመት የኖረ የአያቱ የብሩሽ ማስቀመጫ ነው ብሎ አመጣ። አሸተትኩት። "አያትህ ሊስትሮ ነበሩ?" አልኩት። በሩን አላትሞ ሄደ። ሚስተር ኩዋን ከጓሮ መጥቶ ዕቃውን አይቶት እንደነበር ነገረኝ። "ልክ ነሽ" አለኝ፣ "ግን ዝም ብለሽ ልክ ሁኚ።"

ሌላም ነገር ያስተማረኝ ያኔ ነው። ታሪኩ ከዕቃው ከረዘመ ሣጥኑን ዝጊ ይል ነበር። የንጉሥ ቤተ መንግሥት፣ የሸሸ ጄኔራል፣ የሞተች አክስት፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከጊዜ ብዛት የሰው ታሪክ ሲረዝም እጄ ራሱ ክዳን ይፈልግ ጀመር።

ቤትም ተከተለኝ። የምንኖርበት ፍሩትቬል ሰፈር ያለው ሱቅ ቲማቲም ስገዛ ሣጥኑን ገልብጬ ከሥር አያለሁ። እናቴ አዲስ ሻርፕ ስትገዛ ጠርዙን አገላብጬ የእጅ ሥራ አይደለም፣ አታለውሻል እላታለሁ። አንድ ቀን ሰልችቷት "አንቺ ልጅ፣ ሰው ነሽ ፖሊስ?" አለችኝ።

ከአራት ዓመት በኋላ ሚስተር ኩዋን ኦክላንድን ዘግቶ ሳን ሆዜ ገባ። ከቻይና የሚመጡ ገዢዎችና እዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚሠሩ ሀብታሞች የአባቶቻቸውን ዕቃ መልሰው የሚገዙበት ዘመን ነበር። እኔም ከፍሩትቬል ባቡር እየያዝኩ ፍሪሞንት፣ ከፍሪሞንት ደግሞ አውቶቡስ፤ በቀን አራት ሰዓት መንገድ ላይ ነኝ። ለማካካሻ ተቀባይ አደረገኝ።

የተቀባይ ሥራ ይሄ ነው። እንድንሸጥለት ያመጣው ሰው ዕቃውን ራሱ ከመጠቅለያው አውጥቶ ግራጫው ጨርቅ ላይ ያስቀምጣል። እሱ ፊት መጀመሪያ በዓይን፣ ቀጥሎ በሉፕ፣ ቀጥሎ ጥቁር መብራት በምንለው ባትሪ ታያላችሁ፤ አዲስ ሙጫ ካለበት በዚያ መብራት ነጣ ብሎ ያበራል። ያያችሁትን በሙሉ ኮንዲሽን ሪፖርት የምንለው ቅጽ ላይ ትጽፋላችሁ። ሰውየው አንብቦ ይፈርማል። ከፊርማው በፊት የነበረ ጉዳት የባለቤቱ ነው። ከፊርማው በኋላ የመጣ የኛ ነው፣ ካሳውንም እኛ እንከፍላለን።

ሁለት ዓመት ይሄን ሳላዛንፍ ሠራሁ። ዶክተር ፈትሻለሁ፣ ዳኛ ፈትሻለሁ። አንድ ቄስ ዕቃቸውን በጥቁር መብራት ሳየው ሲያማትቡ ዝም ብያለሁ።

ከዚያ እትዬ ራህማ መጡ።

እትዬ ራህማ የደሴ ሴት ናቸው። ፍሩትቬል ከእናቴ ቤት ሁለት በር አልፎ ነው የሚኖሩት። አባቴ የሞተ ሳምንት ቤታችንን የያዙት፣ ሰው የተቀበሉት፣ እናቴን በግድ ያጎረሱት እሳቸው ናቸው። ሳን ሆዜ አጠገብ ካምቤል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ቻይናዊ ፕሮፌሰር ስድስት ዓመት አስታመዋል። ሰውየው በየጠዋቱ በብሩሽ ይጽፉ ነበር፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ቀለሙን የሚፈጩላቸው፣ ብሩሹን የሚያጥቡላቸው እትዬ ራህማ ነበሩ። ሲሞቱ የቀርከሃ ብሩሽ ማስቀመጫቸውን ተዉላቸው። እትዬ ራህማም ኩሽና አስቀምጠው ሁለት ዓመት ማማሰያና ጭልፋ ሲያኖሩበት ከርመዋል።

የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ ሸጠው ሐጅ መሄድ። ጉልበታቸው እየከዳቸው ነበር። ዘንድሮ ወይ ከርሞ ካልሄድኩ ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ ነው ይሉ ነበር። ሐላል ያልሆነ ሳንቲም እንዲገባበት ስለማይፈልጉ የፕሮፌሰሩ ልጅ የፈረመችበትን ደብዳቤ ይዘው መጥተዋል።

የመጡ ቀን ሚስተር ኩዋን ደንበኛ ቤት ሄዷል፣ ሊን ጓሮ ነው። ከፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ በሻርፕ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፣ ሻርፑን ፈቱ፣ በሁለት እጃቸው ዘረጉልኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡት የሚለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን ያንን የመጀመሪያ ሰኞዬን አሰብኩ፤ እጄን ዘርግቼ የቀረሁበትን። እትዬ ራህማን እንደዚያ ላደርጋቸው ነው? ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳቸው።

ዕቃው ጉድ ነበር። ቀርከሃው እንደ ማር ቀይ ሆኗል፤ ጥዱ፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከኋላቸው ደግሞ ከጣት ጥፍር የማይበልጥ ጀልባ። ባየሁት ቅጽበት አወቅኩት፤ እውነተኛ ነበር። ቀጥሎ ምን አደረግኩ? ደብዳቤውን ሁለቴ አነበብኩ። አዎ፣ እሳቸውንም ጠርጥሬአቸዋለሁ፤ አስታማሚ ሆኖ ከበሽተኛ ቤት ዕቃ የሚያወጣ ሰው ስንት አይቻለሁ። ደብዳቤው ንጹሕ ሲሆን በመጠርጠሬ አፈርኩ። ስላፈርኩም ሉፑን ከመሳቢያው አላወጣሁም። የሉፕ ነገር እሳቸው ፊት "ሌባ ካልሆኑ ውሸታም ነዎት" የማለት ያህል መሰለኝ።

ሰዓቱ ለዙህር ሶላት ደርሶ ነበር፤ የሚመልሳቸው መኪናም ውጭ ይጠብቃል። ሱቁ ጥግ ላይ ሰገዱ፣ ከዚያ ሪፖርቱን አቀረብኩላቸው። የጉዳቱ ቦታ ባዶ ነው። ነገ ረጋ ብዬ እሞላዋለሁ አልኳቸው። ባዶውን ፈረሙልኝ። "አንቺ ካለሽበት ምን እጨነቃለሁ" ብለው ግንባሬን ስመውኝ ሄዱ።

በማግሥቱ ፎቶ የሚያነሳው ልጅ ስለቀረ ራሴ አነሳሁት። ያኔ መብራታችን ሃሎጅን ነው፣ እሳት ነው። ደንቡ አንድ ፎቶ ታነሻለሽ፣ መብራቱን ታጠፊያለሽ፣ ዕቃው ይቀዘቅዛል፣ ትደግሚያለሽ ነው። የመጀመሪያውን አነሳሁ። ስልክ ጮኸ። አንድ ገዢ ስለ ቀለም መፍጫ ድንጋይ ልኬት ጠየቀኝ፤ ልለካ መጋዘን ሄድኩ፣ ከዚያ ሌላ ነገር አየሁ፣ ከዚያ ራበኝ። አንድ ቦታ መቆም አልችልም ብያችኋለሁ። ስመለስ ሁለቱም መብራቶች እንደበሩ ናቸው። ቀርከሃውን ስነካው ሻይ እንደተቀዳበት ብርጭቆ ሞቋል። የቀሩትን ፎቶዎች ቶሎ ቶሎ አነሳሁ፣ ሣጥኑ ውስጥ ከተትኩት፣ ክዳኑን ዘጋሁ። ሪፖርቱ ባዶ እንደሆነ ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ሊን ሊያጸዳው ከፈተው። "ሀያት፣ ነይ" አለኝ።

ከአፉ ጀምሮ፣ በጥዱ ግንድ መሃል ለመሃል፣ ሦስት ጣት የሚያህል ስንጥቅ። ሊን ሉፑን አቀበለኝ፤ ማለቴ አስቀመጠልኝ። አሮጌ ስንጥቅ ውስጡ ጠቁሮ አቧራ ይዞ ነው የሚገኘው። የዚህ ውስጡ አሁን እንደተፈለጠ እንጨት ነጭ ነው።

ሚስተር ኩዋን መጣ። መጀመሪያ የጠየቀው ሪፖርቱን ነው። ባዶውን አየና ወደኔ ዞረ። ሲመጣ ነበረው ወይ አለኝ።

"ነበረው" አልኩ። አፌ ቀደመኝ።

ለምን አልጻፍሽም አለኝ። ባለቤቷ ስለቸኮለች ነው አልኩ። እሺ አለ፣ አመነኝ ማለት ግን አይደለም፤ ያ ሰውዬ እሺ ሲል መስማማቱ ሳይሆን መመዝገቡ ነው። ያንኑ ቀን ራሱ ለእትዬ ራህማ ደወለ። በአስታማሚነት የለመዱት ጥቂት እንግሊዝኛ ስላላቸው ገባቸው። ሙሉ ነበር፣ ወላሂ ሙሉ ነበር አሉት። ከዚያ ደግሞ ሀያት በእጇ ተቀብላኛለች፣ እሷን ጠይቃት አሉት። ስልኩ በድምጽ ማጉያ ነበር፤ እኔም ሊንም ሰማን።

ከዚያ በኋላ ሁሉንም ጠረጠርኩ። ማማሰያውን ጠረጠርኩ፣ እርጥብ ጭልፋ ያስገቡበት ቀርከሃ ምን ይሆናል ብዬ። ያመጣቸውን መኪና ማሞቂያ ጠረጠርኩ። ሊንን ጠረጠርኩ። እሱስ በልቤ ቢቀር ጥሩ ነበር፤ ሄጄ ለሚስተር ኩዋን መጨረሻ የነካው ሊን ነው አልኩት። "ሊን ሃያ ዓመት ሲነካ ኖሯል" አለኝና ሥራውን ቀጠለ። የጓሮው በር ክፍት ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሊን ሻይ ሲያፈላ አንድ ብርጭቆ ብቻ ማውጣት ጀመረ።

ሰኞ ፎቶዎቹን ለካታሎግ ኮምፒዩተር ላይ ከፈትኳቸው። የመጀመሪያው ላይ የቀርከሃው አፍ ሙሉ ነው። አተለቅኩት፤ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች መስመር አለች። ካሜራው ሰዓቱን ከሥር ይጽፋል። በሁለቱ መሃል ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ነበር።

ከነዚያ ሁሉ ሰዎች አንዱንም ያልጠረጠርኩት ራሴን ነው።

ጣቴ ዲሊት ላይ ነበር። የመጀመሪያውን ፎቶ ካጠፋሁት ስንጥቁ ድሮም የነበረ ይሆናል። አላጠፋሁትም፤ ለማንም አላሳየሁትም። ፎቶዎቹ ያሉባትን ካርድ ከካሜራው አውጥቼ ኪሴ ከተትኳት። ሦስት ቀን በባቡርም በአውቶቡስም ይዣት ዞርኩ። እናቴ ምን ሆነሻል ስትለኝ ራሴን አመመኝ አልኳት።

ሐሙስ እትዬ ራህማ ሳን ሆዜ መጡ። ሚስተር ኩዋን የሚባለው በትክክል እንዲገባቸው እንዳስተረጉም ጠየቀኝ። ሦስታችን ጠረጴዛውን ከበን ተቀመጥን፤ ዕቃው መሃል ላይ ነው። እሱ ያለው አጭር ነበር። ዕቃው የተሰነጠቀ ስለሆነ ዋጋው ከገመቱት ሩቡን አያወጣም፤ ከፈለጉ በዚያ እንሸጠዋለን፣ ካልፈለጉ ይዘው ይሂዱ። ተረጎምኩ። ድምጼ የሌላ ሰው ድምጽ ይመስለኝ ነበር።

እትዬ ራህማ ስንጥቁን በጣታቸው ዳበሱት። ከዚያ እሱን ትተው ወደኔ ዞሩ።

"እኔ ሙሉ ነው ብዬ ነው ያመጣሁት። ግን ዓይኔ ደክሟል፣ ሀዩ። አንቺ በእጅሽ ተቀብለሽኛል፤ ሥራሽም ነው። ነበረ ካልሽኝ ነበረ ነው፣ አልከራከርሽም። እሱን ብቻ ንገሪኝና ልሂድ። ዋሽቼ ከሆነ ሐጁን ልተወው።"

"ምን አለች?" አለ ሚስተር ኩዋን።

በዚያ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቼ የምሰማ እኔ ብቻ ነኝ። የፈለግኩትን ብል የሚያርመኝ የለም።

"ምን አለች?" ደገመ።

"ሙሉ ነበር እያሉ ነው" አልኩት። "ሙሉ ነበር።" ካርዷን ከኪሴ አወጣሁና ግራጫው ጨርቅ ላይ አስቀመጥኳት።

ኮምፒዩተሩ ላይ ከፈተው። አንደኛውን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ሰዓቱን አየ። ይሄን መቼ አየሽው አለኝ። ሰኞ አልኩት። ዛሬ ሐሙስ ነው አለኝ። እሱን አውቃለሁ አልኩት።

"ለምን አላጠፋሽውም?" አለኝ።

ኑዛዜም እንደ ዕቃ ነበር ለሱ፤ ገልብጦ ከሥር ማየት አለበት። አላውቅም አልኩት፤ እውነቴን ነው፣ ዛሬም አላውቅም።

"አሁን ለሷ ንገሪያት" አለኝ። "ቋንቋችሁን አልችልም፤ ፊቷን ግን አያለሁ።"

ነገርኳቸው። መብራቱን፣ ስልኩን፣ ባዶውን ወረቀት፣ ነበረው ማለቴን፣ ሦስቱን ቀን። ሚስተር ኩዋን ዓይኑን ከፊታቸው አላነሳም። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"መብራቱስ ይሁን፤ ሰው ይረሳል" አሉኝ። "እኔ ፊት ብታገላብጪው ምን ነበረበት? ያን ቀን አይተሽ ጽፈሽው ቢሆን የኔን ቃል ዛሬ ማን ይጠይቀው ነበር?"



ሚስተር ኩዋን ለኢንሹራንሱ ጥፋቱ የኛ ነው ብሎ ጻፈ፤ ካሳውም ባልተሰነጠቀ ዕቃ ዋጋ ተተመነ። እትዬ ራህማ ቼኩን ወዲያው አልተቀበሉም። ኦክላንድ መስጂድ ሄደው ለኢማሙ አስረዱ፣ ለተበላሸ ንብረት ካሳ መቀበል እንደሚፈቀድ ሲነገራቸው ነው የወሰዱት። ያን ዓመት የሐጁ ጊዜ አለፈባቸው። በቀጣዩ ዓመት ከዘራ ይዘው ሄዱ። ስለ ሳን ሆዜው ነገር ለእናቴ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እናቴ የሰማችው ከኔ ነው፣ ሰምታም ሳምንት ዘጋችኝ።

እኔ ወደ ማሸግ ወረድኩ። አንድ ዓመት ከገለባና ከካርቶን ጋር። ሊንን ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ሌላ ጊዜ ሰው ከመጠርጠርሽ በፊት ካሜራሽን እዪ አለኝ። ሁለተኛውን ብርጭቆ ያወጣው ግን ከወራት በኋላ ነው፣ እሱንም ሳይናገር። ኢንሹራንሱ ካሳ ከፍሎ የወሰደውን ቀርከሃ ሲሸጥ ሚስተር ኩዋን ገዛው፤ አልሸጠውም፣ አላስጠገነውም። የተቀባዩ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እስክሪብቶ አደረገበት።

ተቀባይነቱን መለሰልኝ፣ በኋላም ሌላ ቤት ሄድኩ። አሁን ያለሁበት መብራቱ ኤልኢዲ ነው፣ አያሞቅም። አዲስ የሚገቡትን እኔ ነኝ የማሠለጥነው፤ አንዳንዶቹ የኛው ልጆች ናቸው፣ በአማርኛ ስነግራቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልኛል። ሁሉም የሚከብዳቸው አንድ ቦታ ነው። ለማያውቁት ሰው ሉፕ ያወጣሉ፤ የሚያውቁት ሰው ሲመጣ እጃቸው መሳቢያው ላይ ይቀራል።

የምነግራቸው ይሄን ነው። ዕቃውን ባመጣው ሰው ፊት እዩ፣ ጻፉ፣ አስፈርሙ። የምትወዱት ሰው ሲሆን አብልጣችሁ እዩ። ዕቃውን ሳታዩ የተቀበላችሁት ሰው፣ ነገር ሲመጣ፣ ምስክር የለውም።